ለመንግሥት የሚያመርት ፋብሪካ ለሠራተኛው ስንት ይክፈል?

በግድግዳ ጋዜጣችን የጥያቄ ሳጥን ውስጥ ከተገኙት ወረቀቶች አንዱ እንዲህ ይላል፤ «መንግሥት ከፋብሪካ ዕቃ ሲገዛ ገዢ እንጂ አሠሪ አይደለም። ታዲያ የፋብሪካው ሠራተኛ ስንት እንደሚከፈለው ምን አገባው?» ጠያቂው ስሙን አልጻፈም። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። በእንግሊዝ ምክር ቤትም ሆነ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብዙ ያከራከረ ነው። ስለሆነም በሁለት መስመር መልስ ሰጥተን ከማለፍ ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይሻላል ብለናል። (ከመጨረሻው አንቀጽ በስተቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው መንግሥት ትልቅ ሸማች ነው። የወታደር ልብስና ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የሆስፒታል አልጋ፣ የትምህርት ቤት ዴስክ፣ ወረቀትና ጠመኔ ይገዛል። የሚገዛው በሕዝብ ገንዘብ ስለሆነም ሹሙ ሥራውን ለአጎቱ ልጅ እንዳይሰጥ በደንብ ይታሰራል። የተለመደው ደንብ ጨረታ አውጥቶ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው መስጠት ነው። አሠራሩ ቀና ነው፤ አድልዎን ይከላከላል፣ ገንዘብም ይቆጥባል። አንድ ነገር ግን አያይም። ይኸውም ዋጋው በምን ምክንያት ዝቅ እንዳለ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሁለት የእንጨት ሥራ ፋብሪካዎች ለአንድ ሺህ ዴስክ ይጫረታሉ እንበል። እንጨቱን፣ ሚስማሩንና ቀለሙን የሚገዙት ከአንድ ገበያ ስለሆነ ለአንድ ዴስክ 50 ብር ያወጣሉ። ልዩ ልዩ ወጪና ትርፍ ለሁለቱም 15 ብር ነው። ልዩነቱ ጉልበቱ ላይ ነው። ፋብሪካ «ሀ» ለአንድ ዴስክ ለአናጢዎቹ 30 ብር ይከፍላል፤ ፋብሪካ «ለ» 20 ብር። «ሀ» 95 ብር፣ «ለ» 85 ብር ብለው ፖስታቸውን ያስገባሉ። ፖስታው ተከፈተ፤ «ለ» አሸነፈ። መንግሥት ከአንድ ሺህ ዴስክ 10,000 ብር ተረፈው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። «ለ» ያሸነፈው የተሻለ መጋዝ ስላለው፣ አንዱን ዴስክ በአነስተኛ ሰዓት ስለሚጨርስና ለአናጢው ግን የሰዓቱን ዋጋ ሳይቀንስ ስለከፈለ ከሆነ ጎሽ! ጨረታም የተፈጠረው ለዚህ ነው። መጋዙ ያው፣ ሰዓቱም ያው ሆኖ ለአናጢው የሚከፈለው ብቻ ተቆርጦ ከሆነ ግን ያ 10,000 ብር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከአናጢው ቤት መሶብ ላይ የተነሳ ነው። ፖስታው ውስጥ ያለው ወረቀት ሁለቱን አይለይም። በሁለቱም ላይ የሚነበበው 85 ብር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የ«ሀ» ባለቤት ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ወይ ደመወዝ እንቀንሳለን፣ ወይ በሩን እንዘጋለን» ይላል። እሱም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ጨረታው ነው እንዲህ ያስባለው።

ይህ የጥቁር ሰሌዳ ሒሳብ ብቻ ነው የሚል ቢኖር የ1865ን ነገር እንንገረው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሰሜኑን ጦር ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ባሎቻቸውና አባቶቻቸው በጦር ሜዳ ያሉ ወይም የወደቁ ጥቂት አልነበሩም። የሲንሲናቲ ከተማ ልብስ ሰፊዎች በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንት ሊንከን አቤቱታ ላኩ። ውል የያዙት ነጋዴዎች ለአንድ ደርዘን ግራጫ የሱፍ ሸሚዝ ማሰፊያ ከመንግሥት 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም እየተቀበሉ ለሰፊዎቹ የሚሰጡት 1 ዶላር ብቻ መሆኑን ገለጹ። አሥራ ሁለት ሸሚዝ በአንድ ዶላር! ሰባ አምስቱ ሳንቲም መርፌ ያልጨበጠ ሰው ኪስ ይገባል። ሴቶቹ የጠየቁት ምጽዋት አልነበረም። «ሥራውን በመካከለኛ ሰው በኩል ሳይሆን በቀጥታ ስጡን» ነው ያሉት። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ መንግሥት ርካሽ እንኳ አልገዛም፤ የከፈለው ገንዘብ ሠራተኛው ዘንድ አልደረሰም እንጂ።

በእንግሊዝ አገር ነገሩን ቀደም ብለው ካነሱት አንዱ፣ ለእኛ ለመምህራን ደስ በሚል አኳኋን፣ የትምህርት ቦርድ ነው። የለንደን ትምህርት ቤቶች ቦርድ በ1889 ሥራ የሚሰጣቸው ድርጅቶች በሙያው ከተለመደው መነሻ ደመወዝ ያላነሰ የሚከፍሉ እንዲሆኑ ወሰነ። ልጆችን አስተምሮ ሰው ለማድረግ የሚደክም ቦርድ፣ ለዚያው ትምህርት ቤት የሚሠራውን የአንዱን ልጅ አባት ቢያስርብ ምን ይባላል? የለንደን ከተማ ምክር ቤትም ወዲያው ተከተለ።

በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ ከ1888 እስከ 1890 «ላብ አስጨርሶ ማሠራት» ስለሚባለው አሠራር ምርመራ ያደርግ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ነጋዴ ሥራውን ይቀበልና ለትንሹ ይሰጣል፤ ትንሹ ለሌላው ያቀብላል፤ መጨረሻ ላይ ሥራው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከነልጆቿ የምትሰፋ እናት እጅ ይወድቃል። በየደረጃው ያለው ሁሉ የራሱን ቆርሶ ስለሚያስቀር ለእሷ የሚተርፋት ፍርፋሪ ነው። መንግሥት የሚያሠራው የወታደርና የፖስተኛ ልብስም ከዚህ የጸዳ አልነበረም።

እንግዲህ በ1891 ሲድኒ በክስተን የተባሉት የምክር ቤት አባል ባቀረቡት ሐሳብ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት «የተገቢ ደመወዝ ውሳኔ» በመባል የሚታወቀውን አሳለፈ። መሥሪያ ቤቶች በሚዋዋሉበት ጊዜ ሁሉ ሥራውን ለሌላ በማስተላለፍ የሚመጣውን በደል የሚከላከል ቃል በውሉ ውስጥ እንዲያስገቡ፣ በሙያው ለብቁ ሠራተኛ በአብዛኛው የሚከፈለው ደመወዝ መከፈሉንም እንዲያረጋግጡ አዘዘ። ነገር ግን ይህ አዋጅ አልነበረም። ግዴታው የሚኖረው በመሥሪያ ቤቱና በነጋዴው መካከል ባለው ውል ላይ ብቻ ነው። ሠራተኛው በውሉ ላይ ስላልፈረመ ፍርድ ቤት ሄዶ «ድርሻዬን» ማለት አይችልም። «በአብዛኛው የሚከፈለው» የሚባለውስ ማን የሚከፍለው ነው? ይህ ጉድለት በ1909 ተሻሻለና በዚያ አካባቢ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የተስማሙበት ደመወዝ፣ ይህ ከሌለም ደኅና አሠሪዎች የሚከፍሉት መለኪያ ሆነ። በፈረንሳይም የንግድ ሚኒስትሩ ሚልራን በ1899 ተመሳሳይ ድንጋጌዎች አውጥተዋል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ነገሩ የበለጠ የሚጠነክረው እዚያ ነውና።

በአሜሪካ ችግሩ ሕገ መንግሥቱ ነበር፤ በትክክል ለመናገር፣ ዳኞቹ ሕገ መንግሥቱን ያነበቡበት መንገድ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1905 በኒው ዮርክ የዳቦ ጋጋሪዎችን የሥራ ሰዓት የወሰነውን ሕግ ሻረ። በ1923 በዋሽንግተን የሴቶችን ዝቅተኛ ደመወዝ የወሰነውን ሻረ። ምክንያቱ ሠራተኛና አሠሪ እንደ ፈለጉ የመዋዋል ነጻነት አላቸው የሚል ነው። (የተራበ ሰው ነጻነት እንዴት ያለ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።) በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጠባብ በር ክፍት ነበረች። የካንሳስ ክፍለ ግዛት ለመንግሥትና ለማዘጋጃ ቤቶች የሚሠራ ሰው በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ደንግጎ ነበር። አትኪን የተባለ መንገድ ሠሪ ተቋራጭ ሠራተኛውን 10 ሰዓት አሠርቶ ተከሰሰ፤ «ነጻነቴ ተነካ» ብሎም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1903 ተረታ። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፤ መንግሥት በራሱ ሥራ ላይ የፈለገውን ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል፤ ሁኔታው ያልተስማማው ተቋራጭ ሥራውን አይውሰድ፤ ማንም አላስገደደውም።

የጠያቂያችን መልስ ከሞላ ጎደል እዚህ ውስጥ አለ። መንግሥት ሕግ አውጪ ሆኖ ሲመጣና ገዢ ሆኖ ሲመጣ ሁለት የተለያየ ሰው ነው። ማንኛውም ገዢ «ይህን ዓይነት ዕቃ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሁኔታ ተሠርቶ ካልመጣ አልገዛም» የማለት መብት አለው። ሸማኔውን «ድሩን በጥንድ አድርግልኝ» እንደምንለው ማለት ነው። መንግሥትም «ሠራተኛው በአግባቡ ተከፍሎት የተሠራ ካልሆነ አልገዛም» ሊል ይችላል።

በዚህ በር የገቡት ሴት ፍራንሲስ ፐርኪንስ ናቸው። በአሜሪካ ካቢኔ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ከ1933 እስከ 1945 የሥራ ሚኒስትር ነበሩ። በ1911 በኒው ዮርክ የትራያንግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሠራተኞች ሲሞቱ፣ ሴት ልጆች ከላይኛው ፎቅ ሲዘሉ በዓይናቸው አይተዋል። በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን መጀመሪያ ላይ የየኢንዱስትሪውን ደመወዝና ሰዓት የሚወስኑ ደንቦች ወጥተው ነበር። ፐርኪንስ ግን ፍርድ ቤቱ ይህንን እንደማይምረው ጠርጥረው ሁለት የሕግ ረቂቆች አዘጋጅተው በጠረጴዛቸው መሳቢያ ቆልፈውባቸው እንደነበር በ1946 ባሳተሙት መጽሐፍ ተርከዋል። እንደ ፈሩትም በ1935 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ሁሉ ደንብ በአንድ ቀን ሻረው። መሳቢያው ተከፈተ። አንደኛው ረቂቅ ለመንግሥት የሚያመርቱትን ፋብሪካዎች የሚመለከት ነበር። ሁለተኛው ደግሞ በ1938 የወጣው የጠቅላላው የሥራ ሁኔታ ሕግ መነሻ ሆነ።

የመጀመሪያው ሕግ የማሳቹሴትስ ተወላጅ በሆኑት ሴናተር ዎልሽና እንደራሴ ሂሊ ስም ይጠራል። ሩዝቬልት የፈረሙበት ጁን 30 ቀን 1936 ነው። በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኒው ዮርክን የሴቶች ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ሽሮ ነበር። ትልቁ በር በተዘጋበት ወር በትንሿ በር ተገባ እንበል?

ሕጉ ምን ይላል? ከ10,000 ዶላር በላይ በሆነ ውል ለፌዴራሉ መንግሥት ዕቃ የሚያመርት ወይም የሚያቀርብ ሁሉ (የገንዘቡ መነሻ ኋላ ከፍ ብሏል) የሥራ ሚኒስትሩ በዚያ ኢንዱስትሪና በዚያ አካባቢ የተለመደ መሆኑን አጣርቶ ከወሰነው ደመወዝ በታች አይከፍልም። በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ካሠራ ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፍላል። ለምሳሌ በሰዓት 40 ሳንቲም የሚያገኝ ሰው በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ ለ40ው ሰዓት 16 ዶላር፣ ለቀሪው 10 ሰዓት በ60 ሳንቲም ሒሳብ 6 ዶላር፣ በድምሩ 22 ዶላር ይደርሰዋል። ከ16 ዓመት በታች ያለ ወንድ፣ ከ18 በታች ያለች ሴትና እስረኛ በዚህ ሥራ እንዳይገቡ ተከለከለ። የሥራው ቦታም ለጤናና ለሕይወት አደገኛ እንዳይሆን ታዘዘ።

አንድ ብልሃት ደግሞ እናክል። የሲንሲናቲ ሴቶች ያማረሩበት ዓይነት ሰው፣ ፋብሪካም መጋዘንም ሳይኖረው በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ስልክ ጨረታ አሸንፎ ሥራውን ለረከሰው የሚያስተላልፈው ደላላ፣ ከነአካቴው እንዲወጣ ተደረገ። ተጫራቹ ራሱ አምራች ወይም ቋሚ ነጋዴ መሆን ነበረበት። ይህ አንቀጽ በ1994 ተነስቷል። በእኛ አስተያየት ከሕጉ ሁሉ ጥሩው ክፍል እሱ ነበር።

ቅጣቱስ? ለአካለ ሥራ ያልደረሰ ልጅ ወይም እስረኛ ካሠራ በእያንዳንዱ ሰው በእያንዳንዱ ቀን 10 ዶላር ይከፍላል፤ ሦስት ልጆችን ለ20 ቀን ያሠራ 600 ዶላር ማለት ነው። የጎደለው ደመወዝ መንግሥት ለባለፋብሪካው ከሚከፍለው ሒሳብ ላይ ተቀንሶ ለሠራተኛው ይሰጣል። ይህ ከእንግሊዙ ውሳኔ የሚበልጥበት ነው፤ ገንዘቡ አስቀድሞ በገዢው እጅ ነውና። ከሁሉ የሚፈራው ግን ጥፋተኛው ስሙ በዝርዝር ገብቶ ለሦስት ዓመት ከማንኛውም የመንግሥት ውል መባረሩ ነበር። ለአንዳንዱ ፋብሪካ ይህ ማለት መዘጋት ነው። የሠራተኛው መብት የተጻፈበት ወረቀትም በፋብሪካው ግድግዳ ላይ ሁሉም በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ ይገደዳል። (የግድግዳ ወረቀት ጥቅሙ የገባን እኛ ብቻ አይደለንም።)

ይህን ያህል ከተባለ ሕጉ ሠርቷል ወይ? መጀመሪያ ላይ ሠርቷል ማለት ይቻላል። የብረት ፋብሪካዎች ከ40 ሰዓት በላይ ያሠሩ ስለነበር የባሕር ኃይሉ ለመርከብ የሚሆን ብረት ጨረታ ሲያወጣ ተጫራች ቸገረው። በማርች 1937 ትልቁ ኩባንያ ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ሲስማማ የ40 ሰዓት ሳምንትን ተቀበለ። ይህን ሁሉ ሕጉ አመጣው አንልም፤ የማኅበሩ ኃይል ይበልጣል። ግን ሚዛኑ ላይ ጠጠር ጥሏል።

ጣጣው የመጣው «በአካባቢው የተለመደ ደመወዝ» ከምትለው ሐረግ ነው። በመጀመሪያ «የተለመደ» ምንድነው? አሥር ሠራተኞችን እንውሰድ። አምስቱ በሰዓት 30 ሳንቲም፣ ሦስቱ 40፣ ሁለቱ 60 ያገኛሉ። የሒሳብ ሠልጣኞቻችን ወዲያው እንደሚያዩት ብዙዎቹ የሚያገኙት 30 ነው፤ መካከለኛው 35 ነው፤ አማካዩ 39 ነው። ሦስቱም «የተለመደ» ሊባሉ ይችላሉ። ባለፋብሪካው 30ን፣ ማኅበሩ 39ን ይመርጣል። በአንድ ሺህ ሠራተኛ ላይ ይህ የ9 ሳንቲም ልዩነት በሰዓት 90 ዶላር ነው። የሒሳብ ትምህርት ደረቅ ነው የሚሉ ተማሪዎች ሲያጋጥሟችሁ ይህን ንገሯቸው።

ቀጥሎ ደግሞ «አካባቢ» ምንድነው? ከተማው ነው? ክፍለ ግዛቱ ነው? ፐርኪንስ ለብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ሲወስኑ ብዙ ክፍለ ግዛቶችን አጠቃለው እንደ አንድ አካባቢ ቆጠሩ። ሉከንስ የተባለው የፔንሲልቬንያ ኩባንያና ሌሎች ጥቂት «ይህ አካባቢ አይደለም» ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛ ብላክ በጻፉት ፍርድ፣ መንግሥት እንደ ማንኛውም ግለሰብ ከማን እንደሚገዛና በምን ሁኔታ እንደሚገዛ የመወሰን መብት አለው፤ ኩባንያዎቹም ለመንግሥት የመሸጥ መብት ስለሌላቸው የሚከሱበት ምክንያት የላቸውም ተባለ። ከካንሳሱ መንገድ ሠሪ ጀምሮ የመጣው ሐሳብ እዚህ ላይ ጫፉ ደረሰ።

ባለፋብሪካዎቹ ግን አልተኙም። በ1952 የአርካንሳሱ ሴናተር ፉልብራይት ባስገቡት ማሻሻያ የሚኒስትሩን ውሳኔ ፍርድ ቤት እንዲመረምረው መንገድ ተከፈተ። በማግሥቱ፣ በ1953፣ ሚኒስትሩ ለጥጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በመላ አገሪቱ በሰዓት 1 ዶላር ሲወስኑ የደቡብ ፋብሪካዎች ወደ ፍርድ ቤት ሮጡ። እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ነገሩ የሠራተኛና የባለሀብት ብቻ አልነበረም። በሰሜን፣ በኒው ኢንግላንድ ያሉት ፋብሪካዎች የተሻለ ይከፍሉ ነበር፤ ሥራው ወደ ርካሹ ደቡብ እየፈለሰባቸው ነው። ለሰሜኑ ፋብሪካ የአንድ ዶላሩ ወለል ፍትሕ ነው፤ ለደቡቡ ደግሞ በቅናት የተሠራ አጥር ነው። የደቡቡ ሠራተኛስ? ወለሉ ከተነሳ ደመወዙ ያድጋል፤ ውሉ ወደ ሰሜን ከሄደ ግን ሥራውን ያጣል። «ተገቢ ደመወዝ» ሲባል ለማን ተገቢ እንደሆነ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያም ሆነ ይህ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1955 ለሚኒስትሩ ፈረደ።

ሕጉን ያደከመው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ ወረቀት። ሚኒስትሩ የተለመደውን ደመወዝ የሚያውቀው ለፋብሪካዎች መጠይቅ ልኮ ነው። ፋብሪካው እውነቱን እንዲሞላ «የጻፍከውን ለማንም አናሳይም» ተብሎ ቃል ይገባለታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር አምራቾች፣ ባልዶር የተባለው ኩባንያ በፊት ሆኖ፣ «የተወሰነብን በዚህ መጠይቅ ነው፤ እስቲ መጠይቁን አሳዩን» አሉ። ቃል ተገብቷልና አይታይም ተባለ። ፍርድ ቤቱም ሰው ባላየውና ሊከራከርበት ባልቻለው ማስረጃ ሊወሰንበት አይገባም ብሎ የሚኒስትሩን ውሳኔ ውድቅ አደረገ። እንዴት ነው ታዲያ? ቢያሳይ በሚቀጥለው ጊዜ እውነት የሚሞላለት አያገኝም፤ ባያሳይ ውሳኔው አይጸናም። ሁለቱም ወገን ያነሳው ክርክር ሚዛን የሚደፋ ነው ብለን እናምናለን፤ የጎደለው መካከለኛ ብልሃት ነው። ከዚያ በኋላ የሥራ ሚኒስቴር ለየኢንዱስትሪው የተለመደ ደመወዝ መወሰኑን ተወው።

ሕጉ አልተሻረም። እስከ ዛሬ በመጽሐፍ ላይ አለ። የደመወዙ ወለል ግን ለማንኛውም ሠራተኛ ከሚሠራው የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ አይበልጥም፤ እሱም ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። የቀን 8 ሰዓቱ የትርፍ ክፍያም ከ1986 መግቢያ ጀምሮ ቀርቷል፤ የሚቆጠረው የሳምንቱ 40 ሰዓት ብቻ ነው። ለመንግሥት ውል ሠራተኞች በ2014 በሰዓት 10 ዶላር ከ10 ሳንቲም፣ በ2021 ደግሞ 15 ዶላር የሚሉ የፕሬዚዳንት ትእዛዞች ወጥተዋል፤ የኋለኛው በማርች 2025 ተሽሯል። ሁለቱም ቢሆኑ ግንባታንና አገልግሎትን እንጂ በዎልሽና ሂሊ ሕግ ሥር ያለውን የዕቃ ማምረት ውል አይነኩም ነበር። ሕንጻውን የሚጠርገው ሲያገኝ ብርድ ልብሱን የሚሸምነው አላገኘም ማለት ነው።

የእንግሊዙም ታሪክ ከዚህ አይሻልም። ውሳኔው በ1946 ታድሶ፣ ሠራተኛው በማኅበር የመደራጀት ነጻነቱ እንዲከበርለትም ጨምሮ፣ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ በ1983 ተነሳ። ምክንያቱ የተባለው ገበያን ያውካል፣ የመንግሥትን ወጪ ያንራል የሚል ነው። ይህ ክርክር ዝም ብሎ የሚናቅ አይደለም። በምሳሌያችን ውስጥ ወለሉ 30 ብር ቢሆን አንድ ሺህ ዴስክ 10,000 ብር ይጨምራል፤ በዚያ ገንዘብ በ85 ብር ሒሳብ ከመቶ በላይ ዴስክ ይገዛ ነበር። መሬት ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ላለበት ትምህርት ቤት ቀላል አይደለም። የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ዴስኩ የጎደለው በበጀት ማነስ ከሆነ ጉድለቱን መላው ሕዝብ በግብር ይሸከመው፤ አንድ አናጢ ብቻውን ለምን ይሸከማል?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉዳዩን በ1949 በስምምነት ቁጥር 94 ዓለም አቀፍ አድርጎታል። በመንግሥት ውል ሥር የሚሠራ ሰው ደመወዙ፣ ሰዓቱና ሌላው ሁኔታ በዚያ አካባቢ በተመሳሳይ ሥራ ከሚሰጠው እንዳያንስ፣ ማስታወቂያም በሥራ ቦታ እንዲለጠፍ፣ ጥሰት ሲኖር ከክፍያ ላይ እንዲያዝ ያዛል። እንግሊዝ ውሳኔዋን ከማንሳቷ በፊት፣ በ1982፣ ከዚህ ስምምነት ወጣች። አሜሪካ አጽድቃው አታውቅም።

አገራችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1923 ጀምሮ የዚሁ ድርጅት አባል ናት። በእኛ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 55 ከመንግሥት፣ ከሠራተኛ ማኅበራትና ከሌሎች ጉዳዩ ከሚመለከታቸው የተውጣጣ፣ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር፣ ሥልጣንና ኃላፊነቱም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ይናገራል። እንዲህ ያለ ቦርድ በየትም አገር ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚገጥመው ያው የሞተር አምራቾቹ ጥያቄ ነው፤ የየፋብሪካውን የደመወዝ መዝገብ ማን ይሞላል፣ ከተሞላስ በኋላ ማን ያየዋል?